9ኛ ክፍል በጅማ፦ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደሚይዙት

8ኛን ከ90 በላይ አምጥቶ ያለፈ ልጅ 9ኛ ገብቶ በመጀመሪያው የፊዚክስ ቴስት ከ10 ሦስት ሲያገኝ ቤቱ ይደነግጣል። ወላጅ «ጓደኛ አበላሸው» ይላል፤ ልጁም በልቡ «ድሮም ጎበዝ አልነበርኩም» ማለት ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል። ከጥቂት የግል ትምህርት ቤቶች በቀር የጅማ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንሱንም ሒሳቡንም የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። 9ኛ ሲገባ ከቋንቋ ትምህርቶቹ በስተቀር ሁሉም በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ይሆንበታል። አምና አሳምሮ የሚያውቀውን ነገር ዘንድሮ በስሙ አያውቀውም።

ሌላም ነገር አለ። ቀድሞ 10ኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ስለዚህ 9ኛ ላይ የተፈጠረ ክፍተት ማንም ሳያስቆመው 12ኛ ክፍል ድረስ ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ክፍተቱ የሚደፈነው ገና ትንሽ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው።

ምዝገባ ላይ ስማችሁን ጠብቁ

የ8ኛ ክፍል ውጤትና ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ስትሰለፉ ሁሉም የሚያስበው ቶሎ ተመዝግቦ ስለመውጣት ነው። እናንተ ግን ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ። ጅማ ላይ ይህ ነገር በጣም ያስቸግራል፤ አንዱ ስም በቁቤም በእንግሊዝኛም አጻጻፍ ሊሰፍር ይችላልና። ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፤ በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ በ«ሲ ኤች»። የ8ኛ ካርዷ በአንዱ፣ የፋይዳ መታወቂያዋ በሌላው፣ የ9ኛው መዝገብ በሦስተኛ ዓይነት ከተጻፈ፣ ጣጣው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ ወይም ትራንስክሪፕት ስታወጣ ነው። በየቢሮው ስትመላለስ የሚባክነው ጊዜ የጥናት ጊዜዋ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከልደት ምስክር ወረቀቱ ወይም ከፋይዳው ላይ የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። መዝጋቢው ሲጠይቃችሁ በቃል አትንገሩት፤ ወረቀቱን አሳዩት። የልደት ቀናችሁንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ወይም በአውሮፓ መሆኑን ጨምራችሁ ንገሩት። ጽፎ ሲጨርስ «እስቲ ልየው» ማለት ነውር የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት

በዚህ ሳምንት ብዙ ልጆች ትምህርት አልተጀመረም ብለው ቤት ይቀራሉ። ሒሳብ ግን ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይጀመራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የ«ሴት»፣ ማለትም የስብስብ፣ ትምህርት ነው፤ በኋላ ላይ የሚመጣ ብዙ ነገር የዚያን ምልክቶች ይጠቀማል። ምልክቶቹን ያልለመደ ልጅ ወር ሙሉ ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል ይመስለዋል።

ለሒሳብና ለፊዚክስ የየራሳቸው ባለ 50 ሉክ ደብተር ይኑራቸው። ሌሎቹን እንደ አቅማችሁ። መስከረም ላይ የጅማ ዝናብ ገና ስለማይወጣ ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። የረጠበ ደብተር ቀለሙ ይፈሳል፤ የጓደኛን ደብተር መልሶ መገልበጥ ደግሞ ሁለት ማታ ይወስዳል።

እያንዳንዱ መምህር ሲገባ ከመቶው ስንቱ በሰሚስተሩ ውስጥ እንደሚሰበሰብ፣ ስንቱ ለፋይናል እንደሚቀር ጠይቁና የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ክፍፍሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ለምሳሌ 50 በ50 ነው እንበል። በቴስት፣ በአሳይመንትና በቡድን ሥራ 35 የሰበሰበ ልጅ ለማለፍ ከፋይናሉ 15 ብቻ ይበቃዋል። 15 የሰበሰበ ግን ከፋይናሉ ከ50 35 ማምጣት አለበት፤ ያ ማለት ከመቶ 70 ነው። ለፋይናል ብቻ የሚያጠና ልጅ የሚወድቀው በዚህ ሒሳብ ነው።

የክፍሉን ኃላፊ፣ ሆምሩም ቲቸር የምትሉትን፣ በስም እወቁት፤ እሱም ይወቃችሁ። ችግር ሲገጥም መንገዱ የትምህርቱ መምህር፣ ቀጥሎ ሆምሩም፣ ከዚያ ዩኒት ሊደር፣ በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ ነው። መሐሉን ዘሎ በቀጥታ ቢሮ የገባ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «ሆምሩምህን አነጋግር» ተብሎ ይመለሳል።

ቋንቋውን መያዝ

አንድ ትንሽ ደብተር ለቃላት ብቻ መድቡ። ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት። መጀመሪያው ላይ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ሁለተኛው ላይ 8ኛ ክፍል የተማራችሁበት የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ስሙ፣ ሦስተኛው ላይ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ያለበት አጭር ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይገልበጥ። ነገ ከምትማሩት ገጽ በቀን አምስት ቃል ብቻ። በሳምንት 25፣ በስምንት ሳምንት 200 ይሆናል። በቀን 30 ቃል ልይዝ ያለ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል፤ አምስት ግን ይዘልቃል።

ሦስተኛው ዓምድ ለምን አስፈለገ? የመዝገበ ቃላት ፍቺ ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። መርካቶ ላይ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ተሸክሞ የቆመ ሰው ላቡ ጠብ እስኪል ይደክማል፤ በእኛ አነጋገር ሥራ ላይ ነው። በፊዚክስ ግን ጆንያው ካልተንቀሳቀሰ በጆንያው ላይ የሠራው «ወርክ» ዜሮ ነው። «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ» እና «ፓወር» ሦስቱንም በተለምዶ ኃይል እንላቸዋለን፤ ፈተናው ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ በሦስት የተለያዩ መለኪያዎች፣ ኒውተን፣ ጁልና ዋት አድርጎ ነው የሚጠይቃችሁ። «ፔሪየድ» ደግሞ ኬሚስትሪ ላይ የሠንጠረዡ አግድም ረድፍ፣ ፊዚክስ ላይ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ታሪክ ላይ ዘመን ነው። ዓረፍተ ነገሩ አብሮ ከተጻፈ ግራ አያጋባም።

በአፋን ኦሮሞ የተማራችሁ የላቲን ፊደል ለዓይናችሁ እንግዳ አይደለም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። በቁቤ «ሲ» የሚነበበው «ጭ» ተብሎ ነው፣ «ኤክስ» «ጥ»፣ «ኪው» «ቅ»፣ «ፒ» እና «ኤች» ተጣምረው «ጵ»። እንግሊዝኛው ላይ እነዚህ ድምፆች የሉም። «ሴል» በውስጣችሁ «ጨል» እየተባለ፣ «ፎቶሲንተሲስ» በ«ጶ» እየጀመረ ከተነበበ፣ መምህሩ ቃሉን ሲጠራው የምታውቁት ቃል መሆኑን አትለዩትም። ስለዚህ የቃላት ደብተሩን በዓይን ብቻ አትሙሉ፤ መምህሩ ቃሉን ሲጠራው ስሙ፣ ከዚያ ድምፁን በፊደል ወይም በቁቤ ከጎኑ ጻፉ። በአማርኛ የተማራችሁ ደግሞ ችግራችሁ ፍጥነት ነው፤ ዓይን ላቲኑን ቀስ እያለ ነው የሚለቅመው። ለዚህ መድኃኒቱ በየቀኑ 10 ደቂቃ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ከባዮሎጂ መጽሐፍ ጀምሩ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ በሽታና ስለ ህዋስ ብዙውን ከታች ክፍል ስለምታውቁት ቋንቋው ላይ ብቻ ታተኩራላችሁ።

የፈተና ትእዛዞችም ቃላት ናቸው፤ ብዙ ነጥብ የሚፈሰው እዚህ ነው። «ዲፋይን» ትርጓሜውን ስጡ፣ «ስቴት» ማብራሪያ ሳትጨምሩ ጥቀሱ፣ «ኤክስፕሌይን» ለምን ወይም እንዴት እንደሆነ አስረዱ፣ «ኮምፔር» አነጻጽሩ፣ «ካልኩሌት» ስሌቱን ከነመለኪያው አሳዩ ማለት ነው። «ስቴት» የተባለ ጥያቄ ላይ ግማሽ ገጽ የጻፈ ልጅ ጊዜው ያልቅበታል። «ኤክስፕሌይን» ላይ አንድ መስመር የጻፈ ደግሞ ከአራት አንድ ያገኛል። ምርጫ ላይ «ኖት» እና «ኤክሰፕት» የሚሉትን ባያችሁ ቁጥር ወዲያው ክበቡባቸው።

ክፍል ውስጥ ስትጠይቁ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ከማለት «ሦስተኛው መስመር ላይ ማይነሱ ለምን ፕላስ ሆነ?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ለመምህሩ የት እንደጠፋችሁ አይነግረውም። በእንግሊዝኛ መጠየቅ ከከበዳችሁ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጠይቁ። አነጋገር ላይ የሚስቅ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። እሱን ፈርቶ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ልጅ ግን የሚጎዳው ራሱን ነው፤ የሳቀውም ልጅ ቢሆን መልሱን አያውቀውም።

ከየትምህርቱ የሚያደናቅፈው

ሒሳብን በማንበብ ማጥናት አይቻልም። መምህሩ የሠራውን ምሳሌ ሸፍናችሁ ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሥሩት፤ የቆማችሁበት መስመር ያልገባችሁ መስመር ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ማይነስን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው፤ −3(ሀ − 4) ሲፈታ −3ሀ + 12 ነው፣ ብዙዎች −3ሀ − 12 ይጽፉታል። ሁለተኛው (ሀ + ለ)² የሚለውን ሀ² + ለ² ማድረግ ነው፤ መሐል ያለው 2ሀለ ይረሳል። ሀን 3 ለን 4 አድርጋችሁ ሞክሩት፤ 49 እና 25 አይገናኙም። ሦስተኛው ኢኔኳሊቲ ላይ በኔጌቲቭ ቁጥር ሲያካፍሉ ምልክቱን አለመገልበጥ ነው፤ −2ሀ < 6 ከሆነ መልሱ ሀ > −3 ነው። እነዚህን ሦስቱን በመስከረም ያረመ ልጅ ለሚቀጥሉት አራት ዓመታት ይድናል።

ፊዚክስ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው መለኪያ ነው። አንድ ባጃጅ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ወደ ሜትር በሰከንድ ለመለወጥ ለ3.6 ማካፈል ነው፤ 10 ይሆናል። ያ ባጃጅ ፍሬን ይዞ በ5 ሰከንድ ቢቆም አክስለሬሽኑ −2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። 36ቱን ሳይለውጥ በቀጥታ ለ5 ያካፈለ ልጅ 7.2 ብሎ ይጽፋል፤ ፎርሙላውን ቢያውቀውም መልሱ ስሕተት ነው። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ የተሰጠው፣ የተፈለገው፣ የመለኪያ ለውጥ፣ ፎርሙላ፣ ስሌት፣ መልስ ከነመለኪያው። መልሱ ቢሳሳት እንኳ መምህሩ በየደረጃው ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ያገኛል።

ኬሚስትሪ ላይ የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች ከነምልክታቸውና ከነቁጥራቸው እስከ ጥቅምት አጋማሽ በቃላችሁ ያዙ። በቀን ሁለት ብትይዙ አሥር ቀን ነው። እዚህ ላይ መሸምደድ ተገቢ ነው፤ ፊደል ሳይቆጠር ንባብ የለምና። የሶዲየምና የፖታሲየም ምልክት ከስማቸው ጋር የማይገጥመው ናትሪየምና ካሊየም ከሚባሉት የላቲን ስሞቻቸው ስለተወሰደ ነው። ከዚያ ኤሌክትሮኖቹን በየምኅዋሩ 2፣ 8፣ 8፣ 2 እያላችሁ መደርደር ትለማመዳላችሁ። የኬሚካል ቦንዲንግ ምዕራፍ ሲመጣ ይህን የያዘ ልጅ ይገባዋል፤ ያልያዘው ይሸመድደዋል።

ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ዜግነት፣ ኢኮኖሚክስ ላይ የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው። እያንዳንዱን ገጽ በሦስት መስመር ሾርት ኖት በራሳችሁ ቃል አሳጥሩ፤ ኢኮኖሚክስን በጫካ ቡናና በገበያ ምሳሌ እያደረጋችሁ። አይሲቲን በቸልታ አትለፉት፤ ላቦራቶሪ ካለ በተራችሁ ኪቦርዱን ንኩ።

መጽሐፍ ካልደረሳችሁ የትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ። ስልኩ ግን ቤት ይቆይ፤ ክፍል ውስጥ ስልክ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ የተወረሰ ስልክም ወላጅ ካልመጣ አይመለስም።

ሰዓቱን መከፋፈል

የጠዋት ፈረቃ ከሆናችሁ ምሳ ከበላችሁ በኋላ ጥቂት አርፋችሁ ከ9 እስከ 11 ሰዓት በቀን ብርሃን አጥኑ። ከሰዓት ከሆናችሁ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጠዋት ያዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጥናት የሚቋረጥበት ቤት ውስጥ በማታ ላይ መተማመን አያዋጣም። 40 ደቂቃ አጥንቶ 10 ደቂቃ መነሣት፣ በአንድ ቀን ከሦስት ትምህርት ያልበለጠ፣ አንዱ ሁልጊዜ ሒሳብ። ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ የተማራችሁትን ዛሬውኑ 20 ደቂቃ ገልጣችሁ እዩት፤ ሳምንት የቆየ ኖት እንደ አዲስ ትምህርት ነው።

የቡና ለቀማ ወራት

ጅማና ዙሪያዋ ላይ ቡና ሲቀላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከክፍል የሚጠፋ ልጅ ይበዛል። ቤተሰብ እጅ ይፈልጋል፤ ገንዘቡም የዓመቱ ገንዘብ ነው። ይህን እንደ ጥፋት ማየት አይገባም። ችግሩ ግን የአንደኛው ሰሚስተር አብዛኛው ቴስት የሚሰጠው በዚሁ ወቅት መሆኑ ነው። ስለዚህ ለቀማው ሳይጀመር፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ከአባትና ከእናት ጋር ተቀመጡ። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን፣ በትምህርት ቀን ደግሞ ከፈረቃ ውጭ ያለውን ግማሽ ቀን ለመሥራት ቃል ግቡ። የግድ መቅረት ካለ ለሆምሩም አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ኖት የሚይዝላችሁ አንድ ጓደኛ ምረጡ፣ ከሦስት ተከታታይ ቀን አትለፉ። ሳምንት ከቀረ ልጅ ሒሳብ ላይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ አፍሮም ይቀራል፤ ትምህርት የሚያቋርጡት ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚጀምሩት።

ከሰቃ፣ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከዴዶ መጥታችሁ ቤት ለምትከራዩ

ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ክፍል ስትይዙ የምግብና የጽዳት ተራ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ተራ ያልተጻፈበት ቤት ውስጥ አንዱ ሁልጊዜ ያበስላል፣ የሚወድቀውም እሱ ነው። ከቤት የሚመጣውን ዱቄትና ቆሎ ለሰባት ቀን ከፋፍሉት፤ ሐሙስ ላይ ያለቀበት ልጅ ዓርብ ወደ ቤት ለመሄድ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ይፎርፋል። ከቤተሰብ መመለሻችሁን እሑድ ከ10 ሰዓት በፊት አድርጉ። ሰኞ ጠዋት እደርሳለሁ ያለ በዝናብና በመኪና እጦት የሰኞን ትምህርት ያጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲደመር ብዙ ነው።

ስለ ጫት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በፈተና ሰሞን «ያነቃል፣ ያስጠናል» ተብሎ በኪራይ ቤቶች ይገባል። ማንቃቱ እውነት ነው፤ ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ያጠኑት ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቅሞ ያጠና ልጅ ጠዋት ፈተናው ላይ የደረቀ አፍና የተበታተነ ሐሳብ ይዞ ይቀመጣል። አብረዋችሁ የሚኖሩት ሲቅሙ «እኔ 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ» ብሎ ከመጀመሪያው ሳምንት ማሳወቅ በኋላ ከመከራከር ይቀላል። ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጅ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ቅንጦት አይደለም።

ለእናትና ለአባት

እንግሊዝኛ ባያውቁም የልጅዎን ትምህርት መከታተል ይችላሉ። በየሳምንቱ ዓርብ ደብተሮቹን ያስመጡና ቀኑን ብቻ ይዩ። በየትምህርቱ የተጻፈው ቀን መሐል ላይ ከዘለለ ልጁ አልነበረም፣ ወይም አልጻፈም። ከዚያ አንዱን ገጽ በቤታችሁ ቋንቋ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት፤ ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል። ትምህርት ቤት የሚሄዱትም በሰኔ ካርድ ለመቀበል ብቻ ሳይሆን በኅዳር ይሁን፤ በኅዳር ገና የሚስተካከል ነገር አለ።

ሴት ልጅ ከሆነች ከትምህርት መልስ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል ከቤት ሥራ ነፃ ያድርጉላት፤ ወንድሟም ውኃ መቅዳት ይችላል። በወር አበባ ሰሞን የምትቀር ከሆነ የምትጠቀምበት ነገር ስለጎደላት ሊሆን ይችላል። ሞዴስ አስቀድሞ ተገዝቶ አንዱ ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ይኑር።

ቴስት ሲመለስ

የታረመ ወረቀት አይጣልም። በየትምህርቱ አንድ ፖስታ ያዙና ሰብስቡ። እያንዳንዱ ስሕተት አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ፦ «ቃል» ጥያቄው አልገባኝም፣ «ስሌት» ተቻኮልኩ፣ «ባዶ» አልተማርኩትም ወይም አላጠናሁትም። ሦስት ቴስት ላይ «ቃል» የሚለው ከበዛ የቃላት ደብተሩን አጥብቁ፤ «ባዶ» ከበዛ የቀራችሁባቸውን ቀናት ቁጠሩ። ኩረጃ የዚህን ሁሉ መረጃ ያጠፋል፤ የሰው መልስ የራሳችሁን ክፍተት ይሸፍንባችኋል።

ሰሚስተሩ ሊዘጋ ሲል፣ ሮስተሩ (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ሳይሞላ፣ ፖስታውን ይዛችሁ ድምሩን ራሳችሁ አስሉ። ከ60 በላይ ተማሪ የሚያርም መምህር አንድ ቴስት ሳይመዘግብ ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ካልገጠመ በዕረፍት ሰዓት፣ በአክብሮት፣ ወረቀቱን አሳይታችሁ «ቲቸር፣ ይህቺ 8 አልተደመረችልኝም» በሉ። ካርዱ ተሞልቶ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማስተካከል ረጅም መንገድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።